እንጀራና አደራ፤ የቻይናን የፍልሚያ ጥበብ አሠልጣኝ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?

ስለ ቻይና የፍልሚያ ጥበብ በተነሣ ቁጥር በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚቀረጸው ፊልም የፈጠረው ምስል ነው። ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደ አንድ ሽማግሌ በተራራ ጫፍ ላይ ይኖራል፤ ደቀ መዝሙሩን ለዓመታት ውኃ ያስቀዳዋል፣ እንጨት ያስፈልጠዋል፣ በመጨረሻም የጥበቡን ምሥጢር ይገልጥለታል። ሽማግሌው ምን እንደሚበላ፣ ልጆቹን በምን እንዳሳደገ፣ ምሥጢሩንም እስከዚያች ቀን ለምን ደብቆ እንዳቆየው ፊልሙ አይነግረንም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ ፊልሙ የዘለለውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አሠልጣኙ የሚያሠለጥነው ለምንድን ነው? የሚለውን።

ጥያቄው ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ዉሹንና ሌሎችን የእስያ የፍልሚያ ስፖርቶች የሚያስተምሩ ክበቦች በእኛም ከተሞች ውስጥ አሉ። ከሥራ መልስ ልጁን ወደ እነርሱ የሚወስድ ወላጅ የወሩ ክፍያ ስንት እንደሆነና ትምህርቱ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሰጥ አጥብቆ ይጠይቃል። የልጁን አካልና ጠባይ የሚቀርጸውን ሰው ወደዚህ ሥራ ያመጣው ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ይህን ለመረዳት ጥበቡ ወደ በቀለበት አገር መሻገርና ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያሻል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቻይናውያን ዘንድ፣ ደቀ መዝሙሩን አስተምሮ የጨረሰ መምህር በረሃብ ይሞታል የሚል የቆየ አባባል አለ። ከዚሁ ጋር የሚነገር አንድ ተረትም አለ። ድመት ነብርን ማድባትን፣ መዝለልንና መቧጠጥን አስተማረችው አሉ። ነብሩ ትምህርቱ የተፈጸመ በመሰለው ቀን መምህርቱን ሊበላ ተወረወረ፤ እርስዋ ግን ዛፍ ላይ ወጥታ አመለጠች። ዛፍ መውጣትን አላስተማረችውም ነበርና። ቻይናውያን መምህራን ይህን ልማድ «አንድ እጅ ማስቀረት» ይሉታል። ለዘመናት አንድ መምህር የሚያውቀውን በሙሉ ለማንም አይሰጥም ነበር፤ የመጨረሻዋ ምት ለልጁ ወይም እንደ ልጅ ለተቀበለው ደቀ መዝሙር ብቻ ትቀመጥ ነበር። ለዚህ መዓርግ የሚታጨውም በመምህሩ ፊት ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰግዶ፣ ሻይ አቅርቦ፣ የቤተሰቡ አባል ከሆነ በኋላ ነበር።

ይህን ጠባይ ንፉግነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ይሁን እንጂ የሰው ጠባይ ከሚኖርበት ተጨባጭ ሁኔታ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የፍልሚያ ጥበብ ለብዙ ሰው የዕለት እንጀራው ነበር። ሀብታም ነጋዴዎች ጥሬ ብርና ውድ ዕቃ ከአገር አገር ሲያጓጉዙ ሽፍታ እንዳይዘርፋቸው ሲራራውን የሚያጅቡ ታጣቂዎችን ይቀጥሩ ነበር። ይህንን ሥራ በሙያነት የያዙ የአጃቢ ድርጅቶችም ነበሩ። ለእነርሱ ያደረ ሰው ስሙም ደሞዙም የተመሠረተው እርሱ በሚያውቀውና ሌላው በማያውቀው ነገር ላይ ነው። ጥበቡን ለጎረቤቱ ካስተማረ ጎረቤቱ ነገ ሥራውን ይነጥቀዋል፤ ለማይታወቅ መንገደኛ ካስተማረም ያው መንገደኛ ነገ በጫካ ውስጥ ሽፍታ ሆኖ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ምሥጢሩ የእርሱ ማረሻና በሬ ነበር ማለት ነው። በሬውን ለጎረቤቱ በነጻ የሚሰጥ ገበሬ ስንት ነው?

የታይ ቺ ጥበብ ታሪክም የዚህ ምስክር ነው። ጥበቡ በሄናን ክፍለ ሀገር በሚገኝ የቼን ቤተሰብ መንደር ውስጥ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲተላለፍ የኖረ ነበር። ከቤተሰቡ ውጭ ተምሮ ስም ያገኘው ያንግ ሉቻን፣ እንደሚተረከው፣ በግቢው ውስጥ እየሠራ ሌሊት ልምምዱን በስንጥቅ እየተመለከተ ነው የቀሰመው። ትረካው እውነትም ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ ስለ መምህራኑ የነበረውን አስተያየት ያስረዳል፤ ዕውቀት የሚገኘው ወይ በመወለድ ወይ በመስረቅ እንደሆነ ያምን ነበር። ያንግ በኋላ ቤይጂንግ ገብቶ የማንቹ መሳፍንትን አስተማረ። የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በሻንግሃይ ከፍሎ ለመጣ ሁሉ በአደባባይ ያስተምር ነበር። አያቱ ለመሳፍንት ያስተማረውን የልጅ ልጁ ለከተማ ነዋሪ አስተማረ። በሁለቱ መካከል ምን ተለወጠ?

በመጀመሪያ የተለወጠው መንገዱ ነው። የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ ባንክ ተከፈተ፣ ጠመንጃ በዛ። ጥሬ ብር በበቅሎ ጭኖ በጦረኛ ማሳጀብ ቀረ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የአጃቢ ድርጅቶቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ በጦርና በጎራዴ የኖረው ሰው የሚጠብቀው ብር አጣ። ከፊሉ በገበያ መካከል ትርኢት እያሳየ የቁስል መድኃኒት መሸጥ ጀመረ። ከፊሉም ወደ ማስተማር ዞረ። በዚህ ሁኔታ ምሥጢርን መደበቅ እንጀራ መሆኑ ቀርቶ እንጀራን የሚያሳጣ ሆነ። ተማሪ የሌለው መምህር የደበቃትን ምት ይዟት ይቀበራልና።

ሁለተኛው ምክንያት የአገር ውርደት ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1895 በጃፓን ተሸነፈች። በ1900 በቦክሰሮች አመፅ ጊዜ የስምንት መንግሥታት ጦር ቤይጂንግ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመትም 450 ሚሊዮን ታኤል ጥሬ ብር ካሣ ተጣለባት። በአመፁ የተሰለፉት ገበሬዎች የፍልሚያ ጥበባቸውና ድግምታቸው ጥይት የሚከለክል መስሏቸው ነበር። ጥይቱ ግን አልተከለከለም። ከዚያ በኋላ የተማረው ወጣት የፍልሚያን ጥበብ ከኋላ ቀር አጉል እምነት ጋር ደምሮ ይንቀው ጀመር። የውጭ ጋዜጦችም ቻይናን «የእስያ በሽተኛ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ይህ ስም በአገሬው ላይ ያሳደረው ቁጭት እጅግ መሪር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 በሻንግሃይ የተመሠረተው ጂንግዉ የተባለው የአካል ማጎልመሻ ማኅበር የተወለደው ከዚህ ቁጭት ነው። ስሙ ከማኅበሩ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሁዎ ዩዋንጂያ ከቲያንጂን አካባቢ የመጣ ሰው ነበር። የቤተሰቡ ጥበብ ከቤተሰብ ውጭ አይሰጥም ነበር። እንዲያውም ልጅ ሳለ በሽተኛ ስለነበር አባቱ ጥበቡን እንደነፈጉትና እርሱም ተደብቆ እያየ እንደተማረ ይተረካል። ወደ ሻንግሃይ የመጣው ቻይናውያንን በትርኢት መድረክ ይንቅ ነበር የተባለውን አንድ የውጭ ጉልበተኛ ለመግጠም ነው፤ ግጥሚያው ግን ሳይካሄድ ቀረ። ማኅበሩ በተመሠረተ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው ሁዎ ሞተ። ስለ አሟሟቱ ብዙ ወሬ ተወርቷል፣ ብዙ ፊልምም ተሠርቷል። እኛን የሚስበን ግን ከሞቱ ይልቅ ሌሎቹ መምህራን ከእርሱ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው።

ማኅበሩ ለመምህራኑ ደሞዝ ቆረጠላቸው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአሠልጣኙን ኑሮ ከሥሩ የለወጠው ይህ ነው። ደሞዝተኛ የሆነ መምህር ተማሪው ሁሉንም ነገር ቢያውቅበት በረሃብ አይሞትም። በመሆኑም ቀድሞ እርስ በርሳቸው እንደ ባላንጣ ይተያዩ የነበሩ የተለያዩ ስልቶች ጌቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ያስተምሩ ጀመር። የንስር ጥፍር የተባለው ስልት መምህር ቼን ዚዤንግና የጸሎተኛ አንበጣ ስልት መምህር ሉዎ ጓንግዩ በዚሁ ቤት የታወቁ ናቸው። ማንኛውም ተማሪ ወደ አንድ ስልት ከመለየቱ በፊት አሥር የጋራ መሠረታዊ ትምህርቶችን እንዲያጠናቅቅ ተደነገገ። እንቅስቃሴዎቹ በፎቶግራፍ ተነሡ፣ በመጽሐፍ ታተሙ። ሴቶችም ተመዝግበው ተማሩ፤ አሠልጣኝ ለመሆንም በቁ። የሁዎ ወንድምና ልጅ መጥተው ያንን በቤተሰብ ውስጥ ተዘግቶ የኖረውን ጥበብ ለማኅበሩ ተማሪዎች አስተማሩ። ድመቷ ከዛፉ ወረደች ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እነዚህን መምህራን ያንቀሳቀሳቸው የአገር ፍቅር ነው ወይስ ደሞዝ? ሁለቱን እንደ ተቃራኒ አድርጎ መጠየቅ ስሕተት ይመስለናል። የአገር ፍቅር ከጂንግዉ በፊትም ነበረ፤ ነገር ግን መምህሩ ልጆቹን ሊያበላበት ስላልቻለ ምሥጢሩን አልገለጠም። ደሞዝም ብቻውን ቢሆን ኖሮ በአጃቢ ድርጅት ያገኝ የነበረው አያንስም ነበር። አዲሱ ነገር የሁለቱ መገናኘት ነው። ዕውቀትን ለሕዝብ መስጠት የሰጪውን ጉሮሮ የማይዘጋበት ሁኔታ በመፈጠሩ ቁጭቱ ወደ ሥራ ሊለወጥ ቻለ።

ይሁንና የዚህ ሁኔታ መሠረት ጠባብ ነበር። የማኅበሩን ወጪ የሚሸፍኑት ጥቂት ባለጸጋ ነጋዴዎች ነበሩ። ቅርንጫፎቹ በጓንግዡ፣ በሆንግ ኮንግ፣ አልፎም በሲንጋፖርና በኩዋላ ሉምፑር ተከፍተው ማኅበሩ በተስፋፋበት በ1920ዎቹ አጋማሽ የነጋዴዎቹ ንግድ ሲዳከም የሻንግሃዩ ማኅበር ገንዘብ አጠረው። መምህሩን ከአጃቢ ድርጅት ያላቀቀው ነጋዴ፣ ገበያው ሲጎድልበት መምህሩን ይዞ መቆየት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1928 የመንግሥት ድጋፍ ያለው ማዕከላዊ የብሔራዊ ፍልሚያ ጥበብ ተቋም በናንጂንግ ተከፈተ፤ በ1937 ጃፓን ቻይናን በወረረ ጊዜ ግን ሥራው ተናጋ።

ከ1949 በኋላ አሠልጣኙ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በየከተማው የስፖርት ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ፤ በ1956 ማንም ሠራተኛ በመናፈሻ ውስጥ ሊሠራው የሚችል ባለ 24 እንቅስቃሴ የታይ ቺ ትምህርት ተዘጋጀ። ዛሬ በቻይና ከተሞች ጎሕ ሲቀድ አዛውንቶች ተሰልፈው የሚሠሩት በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ከስፖርት ትምህርት ቤቶቹ በዓለም ዘንድ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 በቤይጂንግ የተከፈተው የሺቻሃይ ትምህርት ቤት ነው። ዉ ቢን የተባለው አሠልጣኝ በኋላ ጄት ሊ በሚል ስም የታወቀውን ሊ ሊያንጂየን ያሳደገው እዚያ ነው። ልጁ አባቱ የሞተበት ገና በሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቤቱም ድኻ ነበር። አሠልጣኙ ልጁ ሥጋ አግኝቶ እንዲጠነክር ለቤተሰቡ ምግብ ይገዛ እንደነበር ይነገራል። ልጁ በ1974፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ ከቡድኑ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዋይት ሐውስ ትርኢት አሳየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። የመንግሥት አሠልጣኝ ዕድገቱ የሚለካው ባወጣቸው ተወዳዳሪዎችና ባመጡት ሜዳልያ ነው። ስለዚህ ሥጋ የተገዛለት ልጅ ወደ ላይ የመዝለል ተሰጥዎ ያለው ልጅ ነው። አባት የሌለው ግን መዝለል የማይችለው ልጅስ? ዉ ቢን በልጁ ላይ ያሳየው ደግነት እውነተኛ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም ሥርዓቱ ራሱ የአሠልጣኙን ደግነት ወደ ጥቂቶች እንዲያዘነብል አድርጎት ነበር። ከ1966 ጀምሮ ባሉት የባህል አብዮት ዓመታት ደግሞ ብዙ አረጋውያን መምህራን የአሮጌው ዘመን ቅሪት ተብለው ተዋረዱ፤ ጎራዴያቸውና መጻሕፍታቸው ተወሰደ። አንዳንዶቹ ሌሊት ተደብቀው ያስተምሩ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ያስተማረ ሰው ለገንዘብም ለሜዳልያም እንዳልሠራ ግልጽ ነው።

ዘመኑ በድጋሚ የተለወጠው በአንድ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 «የሻኦሊን ገዳም» የተሰኘው ፊልም ሲታይ ወጣቶች ከየአውራጃው ከቤታቸው እየጠፉ በሄናን ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ዴንግፌንግ ጎረፉ። ገዳሙ በ495 የተመሠረተ ሲሆን በ1928 በጦር አበጋዞች ግጭት ተቃጥሎ ነበርና እንግዶቹን የሚቀበል መነኩሴ እምብዛም አልነበረውም። ተራራውን የወጣ ወጣት የጠበቀውን ሽማግሌ አላገኘም። የተቀበሉት ጥበቡን ከአባቶቻቸው የተማሩ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሊዩ ባኦሻን በ1978 የጀመረው የታጎ ትምህርት ቤት ዛሬ ከ30,000 በላይ ተማሪዎች እንዳሉት ይነገራል። በ2008 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ በአንድነት ታይ ቺ ያሳዩት ሁለት ሺህ ያህል ወጣቶች ከዚሁ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። በከተማዋ ዙሪያ ሌሎች በርካታ ትምህርት ቤቶችም አሉ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች የግል ናቸው፤ ወላጅ ይከፍላል፣ ልጁ አዳሪ ሆኖ ይማራል። ከወላጆቹ ብዙዎቹ ከገጠር ወጥተው በሩቅ ከተሞች በፋብሪካና በሕንጻ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች ናቸው። ልጃቸውን ወደዚያ የሚልኩት ሁሉም እንደ ጄት ሊ እንዲሆንላቸው አይደለም። በአያት እጅ ያደገ ልጅ አስቸግሮ፣ ወይም ከመደበኛ ትምህርት ወድቆ፣ ወይም የሚጠብቀው ሰው ጠፍቶ የሚላክ ብዙ ነው። የልጁ አሠልጣኝ በአብዛኛው ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ ዕድሜው ከሃያዎቹ መጀመሪያ ያላለፈ ወጣት ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ተማሪዎቹን ይቀሰቅሳል፣ ያስሮጣል፣ ምግብ ቤት ያሰልፋል። አልጋቸውን ያያል፣ የታመመውን ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ ማታም በዚያው ሕንጻ ያድራል። ገና ልጅነቱን ያልጨረሰ ሰው የብዙ ልጆች አባት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ወጣት ለምን ቀረ? ከእርሱ ጋር የተመረቁት ወደ ሠራዊት፣ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ጥበቃ ሥራ፣ ጥቂቶችም ወደ ፊልም ትርኢት ሄደዋል። እርሱ የሚያውቀው ዓለም ይህ ግቢ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ሙያ አንድ ነው፤ የቀለም ትምህርቱም ከሌላው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመቅረቱ አንደኛው ምክንያት ሌላ በር አለመከፈቱ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱም ራሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ በዚያው በር የገባ፣ ማታ ማታ ያለቀሰ ልጅ ነበር። ያኔ የአልጋውን ልብስ ያለበሰውን ሰው አይረሳም።

ቻይናውያን መምህርን «ሺፉ» ብለው ይጠራሉ። ቃሉ በአነጋገር አንድ ሆኖ በጽሕፈት ሁለት ነው። በአንዱ አጻጻፍ የመጨረሻው ፊደል «አባት» ማለት ሲሆን፣ ሌላው በሙያው የበሰለ ሠራተኛን ያመለክታል። በዚህ በሁለተኛው ሾፌሩም፣ ወጥ ቤቱም፣ የፋብሪካው ባለሙያም ሺፉ ይባላሉ። የዴንግፌንጉ ወጣት አሠልጣኝ ሁለቱንም ፊደሎች በአንድ ደሞዝ ተሸክሟል። ሙያተኛ ሆኖ ይከፈለዋል፤ አባትነቱ ግን የሥራ ሰዓት የለውም።

ይህ ሸክም የሚከብደውም ለዚህ ነው። ድካምና ልጅነት በአንድነት ሲጫኑት በትር ማንሣት ይቀለዋል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የዱላ ቅጣት መኖሩ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እርሱም የተቀጣው በዱላ ነበርና ዱላውን የትምህርቱ ክፍል አድርጎ ያየዋል። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ጥበቡን ያስተላለፈለት እጅ በደሉንም አብሮ ሊያስተላልፍ አይገባውም። ግን ወጣቱን ብቻ መውቀስ፣ ብዙ ልጆችን በአንድ ልጅ እግር ሰው ትከሻ ላይ ጭኖ ክፍያ የሚሰበስበውን ባለቤት ነጻ ማውጣት ይሆናል። ሰኔ 25 ቀን 2021 በዚያው በሄናን ክፍለ ሀገር በዤቼንግ ወረዳ በአንድ የፍልሚያ ጥበብ ማሠልጠኛ ሌሊት እሳት ተነሥቶ 18 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተኝተው የነበሩ ሕጻናት ተማሪዎች ነበሩ። ባለቤትነትን የሚመለከት ጥያቄ የጠነከረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በአዳሪ ልጆች ላይ የሚደርሰውን አደጋ የአሠልጣኝ ቅን ልብ ብቻውን አያስቀረውምና።

የአሠልጣኝ ፍላጎት ምን ያህል የተወሳሰበ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 በሲቹዋን ክፍለ ሀገር በቼንግዱ ከተማ የሆነው ያሳያል። አንድ የፍልሚያ ክበብ ከሊያንግሻን ተራሮች የመጡ ወላጅ አልባና ድኻ የዪ ብሔረሰብ ልጆችን ሰብስቦ ያበላ፣ ያለብስ፣ ፍልሚያ ያስተምር ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ሁለት ልጆች በሽቦ አጥር ውስጥ በተመልካች ፊት ሲፋለሙ የሚያሳይ ፊልም ተሠራጭቶ አገሪቱን አነጋገረ። ከፊሉ ሰው ክበቡ ሙት ልጅ እየነገደበት ነው አለ። የክበቡ ሰዎች በበኩላቸው፣ እኛ ባናነሣቸው ኖሮ እነዚህ ልጆች በመንገድ ላይ ይቀሩ ነበር ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ወገን ስለ አሠልጣኙ ልብ ተከራከረ፤ ደግ ነው አይደለም ተባባለ።

ስለ ልብ መከራከር ማብቂያ የለውም። አሠልጣኙ ልጆቹን ሊወድ ይችላል፤ የመግቢያ ቲኬትም ሊሸጥባቸው ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ በአንድ ቀን ይገኛሉ። ይልቅስ መጠየቅ የነበረበት፣ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እራቱን ለማግኘት መፋለም ለምን አስፈለገው? የሚለው ነው። ልጆቹ ራሳቸው የሰጡት መልስ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ይልቅ ግልጽ ነበር። በክበቡ ውስጥ የበሬ ሥጋና እንቁላል እንደሚበሉ፣ በመንደራቸው ግን ያለው ድንች ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። በነሐሴ የመንደራቸው ባለሥልጣናት መጥተው ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ወሰዷቸው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ መሄድ አልፈለጉም ነበር።